ያቺ ጥቁርና ነጭ ካሬ ውስጥ ምን አለ?

ልጆች፣ ደሴ ፒያሳ ሱቅ ስትገቡ ሒሳብ መክፈያው ጋ የተለጠፈች ጥቁርና ነጭ ካሬ አይታችኋል? ኪውአር ኮድ ትባላለች። ውስጧ ብር የለም፤ የባለሱቁ መለያ ቁጥር እንጂ።

ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። እንደ ሒሳብ ደብተር በትናንሽ ቤቶች የተከፋፈለች ናት። ትንሿ እንኳ በአግድም 21፣ በቁመትም 21 ቤት አላት። ጥቁሩ ቤት 1፣ ነጩ 0 ነው። ስልክ የሚገባው ይሄ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛዋን ኤ 01000001 ብሎ ነው የሚያውቃት፤ ጉድ እኮ ነው!

ሦስቱ ጥግ ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎችስ? እነሱ መልእክት የላቸውም። ወረቀቱ ቢዘቀዘቅ እንኳ ስልኩ ላይና ታቹን የሚለየው በእነሱ ነው። ትንሽ ቢቀደድ ወይም ዘይት ቢነካውም ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ መጠባበቂያ ቁጥሮች አብረው ተጽፈዋላ። መጀመሪያ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተሠራው የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር ነበር።