የምጽዋው የባሕር ኃይል ቀን

በጃንሆይ ዘመን የምጽዋ ወደብ በዓመት አንድ ጊዜ የውጭ አገር የጦር መርከቦችን በእንግድነት ይቀበል ነበር። በዓሉ የባሕር ኃይል ቀን ይባላል። የባሕር ኃይል በሰላም ጊዜ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከአገራችን አላገኝም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከሦስት ዓመት በኋላ። በሥልጠናው የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ዋናዋ መርከብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ መጣች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራችው ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ነበር። ስለዚህ ሰፊ ናት፤ ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ተመቸች።

በበዓሉ ጃንሆይ ራሳቸው ምጽዋ ወርደው ተመራቂዎችን ይመርቃሉ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ይመጣሉ፤ በኋላ የሶቪየት ኅብረትም ተጨመረች። በሌላ ባሕር በጎሪጥ የሚተያዩ መርከበኞች እዚህ የአንድ ቤት እንግዶች ናቸው። አስተናጋጁም ቀላል ሰው አልነበረም፤ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የንጉሡ የልጅ ልጅ ነው።

ይህ እንዲያው ድግስ ብቻ አልነበረም። ያኔ አብዛኛው መሣሪያችን የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፤ አሥመራ ላይም አሜሪካኖች ቃኘው የሚባል የጦር መገናኛ ጣቢያ ነበራቸው። ሶቪየቶችን በዚያው ወደብ መቀበል የማንም ጭፍራ አይደለንም ማለት ነው። በጥቂት መርከቦች ከዚህ በላይ መናገር የሚቻል አይመስለኝም።

አብዮቱ ይህን ሁሉ ለወጠው። ልዑል እስክንድር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ነው። ደርግ ከሞስኮ ጋር ሲወዳጅ ሶቪየቶች በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች ላይ የጦር ሰፈር አገኙ፤ ሚዛን የመጠበቁ ነገርም በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ»ን ጨምሮ በርካታ መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። እሷም እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ተፈራርማለች። አሁን ግን የባሕር በር የላትም፤ መርከብ የምታቆምበትን ወደብ ከጎረቤት ጋር ተደራድራ ማግኘት አለባት።