ተጋላጭ ቡድን ምንድን ነው?

ለአንዳንድ ካንሰሮች ይበልጥ ተጋላጭ ተብለው በሕክምና ጽሑፎች ከሚጠቀሱት መካከል ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደሮች (ሲወለዱ ከተባሉት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ ሰዎች) ይገኙበታል። ይህን ያነበበ አንድ አስተያየት ሰጪ «ማንነታቸው ራሱ ካንሰር እንደሚያመጣ ሳይንሱ መሰከረ» ሲል ጽፏል። አባባሉን ከሚደግሙት መካከል ነጭ ጋዋን የለበሱም መኖራቸው ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ተጋላጭ ቡድን ማለት በሽታ አምጪው ነገር ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አዘውትሮ የሚያገኛቸው ሰዎች ስብስብ ነው፤ ሰዎቹን በአንድነት የምንጠራበት መለያ በሽታውን ያመጣል ማለት አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ውርጭ ሲወርድ የረባዳው ገብስ ተቃጥሎ የተረተሩ ሲተርፍ እናያለን፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳልና። ገብሱን የገደለው ውርጩ ነው፤ ስለ ባለማሳው ጠባይ ከዚህ የምንማረው ነገር የለም። ረባዳ ላይ ያረሰ ገበሬ ሰብሉ ከውርጩ በፊት እንዲደርስ ቀድሞ ቢዘራ ይተርፋል፤ የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (በቆዳ ንክኪ፣ በተለይም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ቫይረስ) ክትባትም እንዲሁ ቀድሞ ሲሰጥ ነው የሚሠራው፣ የገባውን ቫይረስ አያስወጣምና። ንጽጽሩ የሚያነክሰው በጊዜው ላይ ነው፦ ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፣ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ግን የሰውነት መከላከያዋ ጤናማ በሆነ ሴት ላይ የማኅፀን በር ካንሰር እስኪያስከትል ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ምርመራ የሚያድነው በዚህ ክፍተት ነው።

የፊንጢጣ ካንሰር ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ የሚመጣው በዚሁ ቫይረስ ነው። ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች ለካንሰሩ ይበልጥ የሚጋለጡት ቫይረሱ ስለሚያገኛቸው ሲሆን፣ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ መከላከያቸው ስለሚዳከም አደጋው ይብሳል። (ይህ ካንሰር በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነው፤ «እጥፍ ድርብ ጨመረ» የሚለውን ዜና ያነበበ ሰው ከስንት ተነሥቶ እንደጨመረ ይጠይቅ።) ያው ቫይረስ የማኅፀን በር ካንሰርንም ያስከትላል፤ 16 እና 18 የተባሉት ዝርያዎች ብቻ የዚህን ካንሰር 70 በመቶ ያህል ያመጣሉ። በአገራችን በዚህ በሽታ ከሚሠቃዩት ሴቶች አብዛኞቹ ያገቡ ወይም አግብተው የነበሩ ናቸው፤ አስተያየት ሰጪው ግን ትዳር ካንሰር ያመጣል ብሎ አልጻፈም።

የጡት ካንሰርም አለ። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ይህ በሽታ በመነኮሳይያት ላይ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው አለመውለድና አለማጥባት አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሴት አፍቃሪ ከሆኑ ሴቶች መካከል ያልወለዱትም በዚሁ ምክንያት ይጋለጣሉ። ደብረ ሊባኖስ ባለችበት ምድር ምንኩስናን በካንሰር የሚከስስ ሰው አላጋጠመኝም።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ወንድ አጠገቧ ደርሶ የማያውቅ ሴት «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ከምርመራው ትቀራለች፤ ሆኖም ቫይረሱ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ ከሴት ወደ ሴትም ያልፋል። ሴት ሆኖ ተወልዶ እንደ ወንድ የሚኖር ሰውም የማኅፀን በሩ እስካለ ድረስ ምርመራው ያስፈልገዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ስለሚያስቀጣ ስለ ሕይወታቸው ላለመናገር ሲሉ ከጤና ጣቢያ የሚርቁ ሰዎች መኖራቸው አያስገርምም፤ በሕጉ ላይ ለመከራከር ሙያዬ አይደለም፣ ዘግይቶ የተገኘ ካንሰር ግን ሙያዬ ነው። ደግነቱ የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ይህን ሁሉ ማወቅ አይፈልግም። በአገራችን መመሪያ መሠረት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ትመረመራለች፤ ነርሷ የማኅፀኑን በር አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ቀብታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቅና ነጭ ሆኖ የተለየ ቦታ መኖሩን ታያለች፣ መሣሪያው ካለና ለሕክምናው የሚመች ከሆነም በዚያው ቀን ልታክመው ትችላለች። «ባልሽ ማነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።