የእንግሊዝኛ አመዛዛኝ ድርሰት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች

አመዛዛኝ ድርሰት ጸሐፊው በአንድ አከራካሪ ጉዳይ ላይ አቋም ይዞ፣ አቋሙን በምክንያትና በማስረጃ ደግፎ፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳይሸሽ አንሥቶ መልስ የሚሰጥበት የጽሑፍ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ይህን የሚጽፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ጀስዊት ማኅበር አባል) በዶክተር ሉሲየን ማት የተመራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ቆይቷል፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ለብሔረሰብ ቋንቋዎች ሲከፍት ከዚያ በላይ ያለውን ለእንግሊዝኛ ትቶታል።

የአንደኛ ዓመት ትምህርት ለዓመታት ወደ መሰናዶ ተዛውሮ ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ፣ የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርሶች ለሁሉም መስክ የጋራ ሆነው መጡ። በእነዚህ ኮርሶች ውስጥ ድርሰት ቦታውን ከንባብ፣ ከማዳመጥና ከንግግር ጋር ይጋራል፤ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ዘንድ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ብዙዎች እንደሚሉት ሰዋስው ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት በምርጫ የሚሠራ በመሆኑ፣ የጽሑፍ ችሎታን የሚለካው ጥያቄ እንኳ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል እንደ ማስያዝ ባለ የምርጫ ሥራ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ ሳያውቅ ግቢ ሊገባ ይችላል፤ «አንተ ምን ትላለህ?» ተብሎም አያውቅም።

ይህ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ በግልጽ ይታያል። ርእሱ «ተማሪ ክፍል መገኘቱ ግዴታ ሊሆን ይገባልን?» የሚል ነው እንበል። ተማሪው «ትምህርት ለአገር ዕድገት ወሳኝ መሆኑ ይታወቃል» ብሎ ይጀምራል፤ በአንዱ አንቀጽ ጥቅሙን፣ በሌላው ጉዳቱን ይደረድርና «ሁለቱም የየራሳቸው ጥሩና መጥፎ ጎን አላቸው» ብሎ ይዘጋል። ሰዋስው ቢታረምለትም ድርሰቱ ገና አልተጻፈም። መምህራን «ቴሲስ ስቴትመንት» የሚሉት፣ ከመግቢያው መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው የአቋም ዓረፍተ ነገር ይጎድለዋል፤ ለምሳሌ፦ «መገኘት ግዴታ መሆን ያለበት በቤተ ሙከራ ኮርሶች ብቻ ነው፤ ከቤተ ሙከራ የቀረ ተማሪ ያመለጠውን ሥራ ከጓደኛው ደብተር ሊገለብጠው አይችልምና።» ይህ ከተጻፈ በኋላ የየአንቀጹ ኃይለ ቃል (ዋና ሐሳቡን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር) ምን እንደሚሆን ለማወቅ አያስቸግርም፤ ቢጋሩም፣ ማለትም የድርሰቱ ንድፍ፣ በራሱ ይወጣል።

«ባህላችን መከራከር አያስተምርም» የሚለው ማብራሪያ ግን አያሳምንም። በበላ ልበልሃ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ እያዋዙ በአደባባይ ሲሟገቱ የኖሩበት አገር ነው። ልዩነቱ ያለው ከአድማጩ ላይ ነው፤ የአደባባዩ ዳኛ ፊት ለፊት ስላለ ንግግሩ በድምፅና በለዛ ይታገዛል፣ የድርሰቱ አንባቢ ግን ስለማይታይ ማያያዣው ሁሉ ወረቀቱ ላይ መገኘት አለበት።

የቋንቋው ጣጣም አለ። አማርኛ «ምንም እንኳ» ብሎ ጀምሮ «ቢሆንም» ብሎ ስለሚያጥፍ፣ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ በእንግሊዝኛም «ኦልዞው» (although) ብሎ ከጀመረ በኋላ መሐል ላይ «በት» (but) ይጨምራል፤ አንዱ ይበቃ ነበር። «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተናግሮ» እያለ ድርጊትን የሚያስከትለው የአማርኛ አካሄድም በእንግሊዝኛ በነጠላ ሰረዝ ብቻ የተያያዘና መቆሚያ ያጣ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ ተምሮ የመጣው ደግሞ የራሱ ሌላ ችግር ይኖረዋል።

ድርሰት የሚሻሻለው ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ እንደገና ሲጻፍ ነው፤ ሒሳቡ ግን አስቸጋሪ ነው። ስልሳ ስልሳ ተማሪ ያለባቸው ሦስት ክፍሎች የያዘ መምህር እያንዳንዱን ባለ3 ገጽ ድርሰት ቢያዝ 540 ገጽ ያነባል፤ ሁለተኛ ረቂቅ ከጠየቀ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙው ወረቀት የሚመለሰው ቃላት ተሰምሮባቸውና ውጤት ተጽፎበት ነው። እርስ በርስ መተራረም እንደ መፍትሔ ቢሞከርም ይሉኝታ ይገባበታል፤ ጓደኛ የጓደኛውን ፊደል ያቃናል እንጂ «ማስረጃህ አያስኬድም» ለማለት ይከብደዋል። በየዩኒቨርሲቲው የተቋቋሙት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት ከክፍል ውጭ እገዛ ቢሰጡም፣ ወደዚያ የሚሄደው በአብዛኛው ፈቃደኛው ተማሪ ነው።

ያልተማሩት ነገር ዋጋ የሚያስከፍለው በመጨረሻው ዓመት፣ «ሲኒየር ኤሴይ» በሚባለው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው። ያለፉ ዓመታት ሥራዎችን ገልብጦ ስም መቀየር የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ቻት ጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰዋስዉ እንከን የሌለው፣ አቋሙ ግን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ድርሰት ማቅረብ ቀላል ሆኗል። ለዚህ መምህሩ በእጁ ያለው መከላከያ አሮጌው ዘዴ ነው፦ ርእሱን ክፍል ውስጥ ሰጥቶ፣ ስልክ አስቀምጦ፣ በእስክሪብቶ ማስጻፍ፣ ከዚያም ተማሪውን ጠርቶ የራሱን ሁለተኛ አንቀጽ በቃሉ እንዲያስረዳ መጠየቅ።