ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን፦ የመርከብ ነዳጅ ቅያሬና የሰልፈር ናሙና አወሳሰድ

የነዳጅ ቅያሬ መርከብ ጉዞ ላይ እያለች፣ ሞተሯ ሳይጠፋ፣ ከአንድ ዓይነት ነዳጅ ወደ ሌላ የምትሸጋገርበት ሥራ ነው። መነሻው ሰልፈር ነው፤ ድኝ የምንለው። ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚተርፈው ወፍራምና ርካሽ ፈርነስ ሲቃጠል ድኙ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በወደብ ከተሞች የሚኖረውን ሰው ሳንባ ይጎዳል፣ ዝናቡንም አሲዳማ ያደርገዋል።

ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ብክለት መከላከያ ስምምነት በስድስተኛው አባሪው ይህን ድኝ ይገድባል። አባሪው እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ ሲውል ጣሪያው 4.50 በመቶ ነበር። በ2012 ወደ 3.50 ወረደ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ 0.50 በመቶ ነው። የልቀት ቁጥጥር ክልል በተባሉት ባሕሮች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ 0.10 በመቶ ብቻ ይፈቀዳል። ቀደምቶቹ ክልሎች ባልቲክ፣ ሰሜን ባሕር፣ የሰሜን አሜሪካ ዳርቻና የአሜሪካ ካሪቢያን ናቸው። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሜዲትራኒያንም ተጨመረ።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው። ከጅቡቲ ተነሥታ በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን የምትሄድ መርከብ እስከ ስዊዝ ድረስ 0.50 በመቶ ነዳጅ ማቃጠል ትችላለች። ሜዲትራኒያን ስትገባ ግን በሞተሯ ውስጥ ያለው ነዳጅ 0.10 መሆን አለበት። የመርከቧ ሰንደቅ ዓላማ የየትም አገር ቢሆን ወደቡ የሚጠይቃት ያንኑ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው በዓለም አቀፍ መርከቦች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በዚህ መስመር ሲያልፉ ሥራው በእጃቸው ይወድቃል።

ቅያሬው የት ይጀመር የሚለው በሒሳብ የሚወሰን ነው። ቫልቭ ስለዞረ ብቻ አሮጌው ነዳጅ አይጠፋም፤ በማደባለቂያው ሲሊንደር፣ በማሞቂያው፣ በፊልትሮውና በቧንቧው ውስጥ እየዞረ ከአዲሱ ጋር እየተቀላቀለ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የዚህ ዑደት መጠን 1.5 ሜትር ኩብ፣ ሞተሩ በሰዓት የሚያቃጥለው 0.75 ሜትር ኩብ ነው እንበል። ዑደቱን አንዴ ለማቃጠል 2 ሰዓት ይፈጃል። አሮጌው ነዳጅ 0.48፣ አዲሱ ናፍጣ 0.08 ከሆነ፣ ድብልቁ 0.10 ላይ እስኪደርስ የዑደቱ መጠን ሦስት ጊዜ መቃጠል አለበት፤ 6 ሰዓት ማለት ነው። ጭስ ማጠቢያ (ድኙን ከጭሱ የሚያጥብ መሣሪያ) ስላላት 2.80 በመቶ ፈርነስ ታቃጥል የነበረች መርከብ ግን ለዚያው ሥራ 10 ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል። አዲሱ ናፍጣ 0.06 ቢሆን የመጀመሪያዋ መርከብ ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለች። ልክ 0.10 የሆነ ናፍጣ ከተገዛ ግን ድብልቁ ከገደቡ በታች መቼም አይወርድም፤ ሁልጊዜ የአሮጌው ቅሪት አለበትና። ስለዚህ ነዳጅ ሲታዘዝ ከ0.09 ያልበለጠ ብሎ በውሉ ማስፈር ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ከሞተሩ የሚመለሰው ነዳጅ ወደ ማደባለቂያው ሲሄድ ነው። የመመለሻው ቫልቭ በስሕተት ወደ ናፍጣው ታንክ ከተከፈተ ንጹሑ ታንክ ራሱ ይበከላል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓት መቁጠር አይረዳም። በተግባር በጣም ከሚያጋጥሙት ጥፋቶች አንዱ ይህ ነው።

በስዊዝ መስመር ጥሩው ልማድ ሥራውን በሰፊው ቀይ ባሕር ላይ መጨረስ ነው። መተላለፊያው ውስጥም ሆነ መልሕቅ በሚጣልበት ጠባብ ቦታ ሞተር ቢጠፋ መርከቧ የምትዞርበት ስፍራ የላትም።

ቀጥሎ የሙቀት ጉዳይ ይመጣል። ፈርነስ ወደ ሞተሩ የሚገባው ከ120 እስከ 140 ዲግሪ ሞቆ ነው፤ ናፍጣ ግን መሞቅ የለበትም። ከ120 ወደ 40 ዲግሪ ሲወረድ የሞተር አምራቾች የሚፈቅዱት በደቂቃ እስከ 2 ዲግሪ ስለሆነ ቢያንስ 40 ደቂቃ ያስፈልጋል። በነዳጅ ፓምፑ ፕለንጀር፣ ማለትም ነዳጁን በሚገፋው ዘንግ፣ እና በማቀፊያው መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ነው፤ ሁለቱ እኩል ካልቀዘቀዙ ይነክሳሉ፣ ሲሊንደሩም ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተሩ ጭነት ከሙሉው ወደ 25–40 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ የማሞቂያው እንፋሎት ቀስ ብሎ ይዘጋና ፈርነሱ ውፍረቱ ከ20 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ሳያልፍ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። የሦስት መንገዱ ቫልቭ የሚዞረው ያኔ ነው። ቧንቧዎቹን የሚያሞቀው እንፋሎትም መዘጋት አለበት፤ ይህ ተረስቶ ናፍጣው በቧንቧ ውስጥ ሲተንና ፓምፑ ባዶ ሲዞር ብዙ መርከብ ጨልሟል።

ናፍጣ ሞተሩ ሲገባ ውፍረቱ ከ2 ሴንቲስቶክ መውረድ የለበትም። በቀዝቃዛ ባሕር ይህ አያስቸግርም። በቀይ ባሕር ክረምት ግን የባሕሩ ውኃ ራሱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ የናፍጣው ታንክም ከሞቀው የፈርነስ ታንክ ጎን ሊሆን ይችላል። በተራ ማቀዝቀዣ ነዳጁን ከ40 ዲግሪ በታች ማውረድ ስለሚያስቸግር እንደ ፍሪጅ የሚሠራ ቺለር ያስፈልጋል።

ሁለቱ ነዳጆች መስማማታቸውም ቀድሞ መታየት አለበት። በፈርነስ ውስጥ ያለው አስፋልቲን የተባለው ጥቁር ነገር በናፍጣ ሲቀጥን ተለያይቶ ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሁለቱን እኩል በእኩል ቀላቅሎ ማሞቅ፣ አንዲት ጠብታ በመፈተሻ ወረቀት ላይ ማንጠብ፣ ወረቀቱን በ100 ዲግሪ ምድጃ ማድረቅ። የደረቀው ነጠብጣብ እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ መካከሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ቀለበት ከታየ ድብልቁ አይታመንም። ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ 3 እና ከዚያ በላይ የወጣ ነዳጅ ይዞ ወደ ቅያሬ የሚገባ ሰው ፊልትሮ ሲያጥብ ማደሩን ይወቅ።

ቅያሬው ካለቀ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት አንድ ሰው ባትሪ ይዞ በነዳጅ ቧንቧው ርዝመት መመላለስ አለበት። በፈርነስ ጊዜ ደርቆ የቆየ ጋስኬት ቀጭኑን ናፍጣ ሲያገኝ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው በጋለ የጭስ ቧንቧ ላይ ካረፈ እሳት ነው። ናፍጣ በፕለንጀሩ ጎን ስለሚያመልጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት አልነሣም ሊል ይችላልና፣ መርከቧን ወደ ወደብ የሚመራው ፓይለት ከመሳፈሩ በፊት ወደፊትም ወደኋላም ማስነሣት ግድ ነው። የሲሊንደር ዘይቱም አብሮ ይቀየራል፤ ለከፍተኛ ድኝ የተዘጋጀው ዘይት በናፍጣ ሲሠራ ፒስተኑ ራስ ላይ ጠጣር ክምችት ይተዋል። ጄኔሬተሮቹና ቦይለሩም በገደቡ ውስጥ ስለሆኑ የየራሳቸው ቅያሬ አላቸው።

ወደ ክልሉ ከመገባቱ በፊት ቅያሬው ያለቀበት ቀን፣ ሰዓትና የመርከቧ አቀማመጥ፣ በየታንኩ ያለው ዝቅተኛ ሰልፈር ነዳጅ መጠንም ሎግቡክ ላይ ይጻፋል። ከክልሉ ሲወጣ ደግሞ የሚጻፈው ቅያሬው የተጀመረበት ነው። በጽሑፍ የተዘጋጀ የቅያሬ መመሪያም መርከቧ ላይ መኖር አለበት፤ ተቆጣጣሪው ይጠይቀዋል።

ናሙና ግን የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ነዳጅ በሚሞላበት ሰዓት ነው። ሕጋዊው ናሙና የሚወሰደው በተቀባዩ መርከብ ማኒፎልድ (የነዳጅ መቀበያ አፍ) ላይ፣ ነዳጁ ሲፈስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠብ ጠብ እያለ ነው። የጠብታው ቫልቭ መጀመሪያ ላይ ብዙ ከተከፈተ ዕቃው ርክክቡ ሳያልቅ ይሞላና የኋለኛው ነዳጅ ሳይወከል ይቀራል። መጨረሻ ላይ የተጠራቀመው በደንብ ተንጦ ወደ ጠርሙሶቹ ይገለበጣል፤ አንዱን ሞልቶ ወደ ሌላው ማለፍ ሳይሆን ለሁሉም በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያዳረሱ። ከጠርሙሶቹ አንዱ ለማርፖል የሚቀመጠው ሕጋዊ ናሙና ነው። መለያ ወረቀቱ ላይ የመርከቧ ስምና መለያ ቁጥር፣ ናሙናው የተወሰደበት ቦታና ዘዴ፣ ቀኑና የማሸጊያው ቁጥር ይሰፍራሉ፤ የሻጩ ወኪልና የመርከቧ ኃላፊ ይፈርማሉ። አንዳንድ ሻጭ በራሱ ጀልባ ላይ ቀድቶ ያሸገውን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ሲወሰድ ያላየኸውን አትፈርም፤ ግዴታ ከሆነብህ የተቃውሞ ደብዳቤ አያይዝ።

ጠርሙሱ ከመኖሪያ ክፍሎች ውጭ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተቆልፎበት፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ፣ ያም ሆኖ ከ12 ወር ላላነሰ ጊዜ ይቀመጣል። የርክክብ ሰነዱ 3 ዓመት ይቆያል።

የወደብ ተቆጣጣሪ በአገልግሎት ላይ ያለውን ነዳጅ ናሙና መውሰድ ከፈለገ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ቧንቧ አለ፤ ከአገልግሎት ታንኩ በኋላ፣ አደጋ በሌለበት ሁኔታ በተቻለ መጠን ለሞተሩ ቀርቦ። ከመቀዳቱ በፊት ቧንቧው ውስጥ የቆመው አሮጌ ነዳጅ ተለቅቆ መፍሰስ አለበት፤ ካልፈሰሰ የሚለካው የትናንቱ ነው። በዚህ ናሙና ላይ የላቦራቶሪው የመለኪያ ልዩነት ስለሚታሰብ 0.10 በሚጠየቅበት እስከ 0.11፣ 0.50 በሚጠየቅበት እስከ 0.53 ያለው ውጤት ይታለፋል። በርክክብ ጊዜ በታሸገው ጠርሙስ ላይ ግን ይህ ትርፍ አይሰጥም፤ 0.51 ከወጣ ነዳጁ ከገደቡ አልፏል።