የስካንዲኔቪያ ከተሞች ሆቴሎች፦ ስቶክሆልም፣ ኮፐንሃገን፣ ኦስሎና ሌሎችም

ስካንዲኔቪያ ሲባል ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን ማለት ነው። ፊንላንድንና አይስላንድን የሚጨምሩም አሉ፤ የአገሩ ሰዎች ግን አምስቱን አገሮች በአንድነት «ኖርደን» ብለው ይጠራሉ፣ ስካንዲኔቪያ የሚለውን ስም ለሦስቱ ያቆያሉ። ይህ ዳሰሳም በሦስቱ ይወሰናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከአዲስ አበባም ሆነ ከዱባይ የሚነሳ መንገደኛ ሆቴል ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚያየው የኮከቡን ብዛትና የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ነው። በእነዚህ ከተሞች ሁለቱም ብቻቸውን ያሳስታሉ። በስዊድንና በዴንማርክ ኮከብ የሚሰጠው የሆቴሎቹ ማኅበር ነው፤ ኖርዌይ ደግሞ ብሔራዊ የኮከብ ደረጃ የላትም። ዋጋውን ከክፍሉ ጥራት ይልቅ የሚወስነው ቀኑ ነው፤ ማለትም የሥራ ቀን ነው ወይስ ቅዳሜና እሑድ፣ በከተማው ጉባኤ አለ ወይስ የለም። ስለዚህ አንድን ሆቴል ከሌላው ጋር ለማመዛዘን የሆቴሉን አመጣጥ፣ ከባቡር ጣቢያ ያለውን ርቀትና በዋጋው ውስጥ ምን ምን እንደተካተተ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስቶክሆልም

የስቶክሆልም ሆቴሎች ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ግራንድ ሆቴል ነው። ሬጂስ ካዲየር የተባለ ፈረንሳዊ የምግብ ባለሙያ አቋቁሞት በ1874 ተከፈተ። ብላሲየሆልመን በሚባለው የውሃ ዳርቻ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን የንጉሡን ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ይመለከታል። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ የራት ግብዣው የተደረገው በዚሁ ሆቴል የመስታወት አዳራሽ ነበር፤ እንግዳው እየበዛ ሲሄድ ግብዣው በ1923 ወደተመረቀው ውብ የከተማ አዳራሽ ተዛወረ። ተሸላሚዎቹ ግን ዛሬም የሚያርፉት ግራንድ ሆቴል ነው። ዲሴምበር 13 ቀን፣ በቅድስት ሉሲያ ዕለት፣ ነጭ የለበሱ ወጣቶች ሻማ አብርተው በመዝሙር ሊቀሰቅሷቸው ይመጣሉ። የሽልማቱ ቀን ዲሴምበር 10 በመሆኑ በዚያ ሳምንት መካከለኛው ከተማ ውስጥ አልጋ ማግኘት ይከብዳል፣ የተገኘውም ውድ ነው። ለጉብኝት ብቻ የሚመጣ ሰው ያንን ሳምንት ቢያሳልፈው ይሻለዋል።

ያንኑ ቤተ መንግሥት በጥቂት ገንዘብ እያዩ ማደር ግን ይቻላል፤ ይህ ስቶክሆልምን ከሌሎቹ ከተሞች የሚለያት መልካም ነገር ነው። ከግራንድ ሆቴል በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ በሼፕስሆልመን ደሴት ዳርቻ፣ አፍ ቻፕማን የተባለው ባለ ሦስት ምሰሶ ነጭ መርከብ ታስሮ ቆሟል። በ1888 በእንግሊዝ አገር የተሠራ የሸራ መርከብ ሲሆን በኋላ የስዊድን ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ሆነ፤ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ሆስቴል ነው። የመርከቡ ክፍሎች ጠባብ ናቸው፣ ተደራራቢ አልጋ አለ፣ መጸዳጃና ሻወር በጋራ ነው። በሌሊት ከመርከቡ ወለል ላይ የሚታየው የአሮጌው ከተማ መብራት ግን ባለጸጋው በግራንድ ሆቴል መስኮት ከሚያየው አያንስም።

ሎንግሆልመንም እንዲሁ የራሱ ታሪክ አለው። ደሴቱ ላይ የነበረው ትልቅ እስር ቤት በ1975 ተዘጋ፤ ከ1989 ጀምሮ የቀድሞ ክፍሎቹ ለሆቴልና ለሆስቴል አገልግሎት ዋሉ። ክፍሎቹ ትንንሽ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ አካባቢው ጸጥ ያለ ነው፤ በበጋም ከደጁ ወርዶ መዋኘት ይቻላል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ሳያስብ እንዳይከራየው።

መካከለኛውን ገበያ የያዙት ሰንሰለት ሆቴሎች፣ ማለትም በአንድ ስም በየከተማው የሚሠሩት፣ ናቸው። ትልቁ ስካንዲክ መነሻው ቅንጦት አልነበረም፤ በ1963 ላክሶ በምትባል ትንሽ የስዊድን ከተማ፣ የኤሶ ነዳጅ ኩባንያ ለመኪና ተጓዦች የከፈተው የመንገድ ዳር ማደሪያ ነበር። ስካንዲክ የሚለውን ስም ያገኘው በ1984 ነው። ፎጣውን በመስቀያ ላይ የተወ እንግዳ «ደግሜ እጠቀምበታለሁ» ማለቱ ነው የሚለውን ዛሬ በብዙ አገር የተለመደውን አሠራር የጀመርነው እኛ ነን ይላል፤ የመጀመሪያው እርሱ ይሁን ሌላ፣ ልማዱን በሰፊው ያስፋፋው መሆኑ አያጠራጥርም። ተፎካካሪው፣ የኖርዌዩ ባለሀብት ፔተር ስቱርዳለን ኩባንያ፣ ኖርዲክ ቾይስ ይባል ነበር፤ በ2023 ስሙን ስትሮበሪ አለው። ክላሪዮን፣ ኳሊቲና ኮምፎርት የሚሉት ስሞች በእርሱ ሥር ናቸው። በሁለቱም ቤት ክፍሉ ንጹሕ፣ ቁርሱ የጠገበ፣ አሠራሩ ከከተማ ከተማ እምብዛም የማይለይ ስለሆነ አገሩን ለማያውቅ ሰው አስተማማኝ ምርጫ ናቸው።

ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ መካከለኛው ከተማ ማደሩ ሁልጊዜ አይጠቅመውም። ብዙ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች የሚኖሩት በሰሜን ምዕራቡ ክፍል፣ በሪንከቢ፣ በቴንስታና በሁስቢ አካባቢ ነው። ለእነዚህ ሰፈሮች የምትቀርበው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መንደር ሺስታ ናት። እዚያ በ2011 የተከፈተው የቪክቶሪያ ታወር ሆቴል 118 ሜትር ቁመት አለው፤ የሜትሮው ሰማያዊ መስመር ከሺስታ ወደ ማዕከላዊው ጣቢያ በሃያ ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። የሺስታ ሆቴሎች የሚሞሉት በሥራ እንግዶች ስለሆነ በዓርብና በቅዳሜ ሌሊት ዋጋቸው ደህና አድርጎ ይወርዳል።

ከአርላንዳ አየር ማረፊያ እስከ ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈጣኑ ባቡር ከሃያ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስገባል፣ ግን ውድ ነው፤ ብዙ ሆነው ለሚጓዙ አውቶቡሱ ያዋጣል። በስዊድን ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ሆቴሎች ብዙ ስለሆኑ የሚሠራ ካርድ ሳይይዙ መምጣት ችግር ላይ ይጥላል።

ኮፐንሃገን

የዴንማርክ ዋና ከተማ በዕድሜ ትቀድማለች። በኮንገንስ ኒቶርቭ አደባባይ ያለው ሆቴል ዳንግልቴር ምሥረታውን ከ1755 ይቆጥራል። በዓለም ካሉ አንጋፋ ሆቴሎች አንዱ መሆኑ ይነገርለታል፤ የአሁኑ ሕንፃ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

ለሥነ ሕንፃ ወዳጅ ከዳንግልቴር ይልቅ ሊታይ የሚገባው በማዕከላዊው ጣቢያ አጠገብ ያለው የቀድሞው ሳስ ሮያል ነው። ሳስ፣ ሦስቱ አገሮች በ1946 በጋራ ያቋቋሙት አየር መንገድ፣ የአሜሪካ መንገደኞቹን የሚያሳርፍበት ዘመናዊ ሆቴል ፈለገ፤ የእኛ አየር መንገድ ቦሌ ላይ ስካይላይትን እንደሠራው ማለት ነው። ሥራው ለአርነ ያኮብሰን ተሰጠና ሆቴሉ በ1960 ተከፈተ። ያኮብሰን የነደፈው ሕንፃውን ብቻ አልነበረም፤ መብራቱን፣ መጋረጃውን፣ የበር እጀታውን፣ ሹካና ማንኪያውን ሳይቀር እርሱ ነደፈ። ዛሬ በየአገሩ የሚታዩት «እንቁላል» እና «ስዋን» የተባሉት ወንበሮች ለዚህ ሆቴል የተፈጠሩ ናቸው። በምድር ቤቱ የአየር መንገዱ ተርሚናል ስለነበር መንገደኛው ሻንጣውን እዚያው አስረክቦ በአውቶቡስ ወደ አየር ማረፊያው ይሄድ ነበር። ሲከፈት «የመስታወት ሲጋራ ሳጥን» እያሉ ያፌዙበት የከተማዋ ሰዎች ዛሬ ይኮሩበታል። በጊዜ ብዛት የውስጥ ዕቃው ቢለወጥም 606 ቁጥር ክፍል ከነአረንጓዴ ሰማያዊ ቀለሙ እንደ ጥንቱ ተጠብቋል። የዓለም የመጀመሪያው «ዲዛይን ሆቴል» ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቃሉ ራሱ ከሆቴሉ በኋላ የመጣ ቢሆንም አባባሉ ከእውነት የራቀ አይመስልም።

በዋጋ ረገድ ኮፐንሃገን ከሦስቱ ከባዷ ናት ማለት ይቻላል። አንዱ ምክንያት ግብር ነው፤ ዴንማርክ በሆቴል ላይ 25 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስትጥል ስዊድንና ኖርዌይ 12 በመቶ ነው የሚያስከፍሉት። ሌላው ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ ዋጋው የሚለያየው ገንዘብ ነው። የዴንማርክ ክሮነ ከዩሮ ጋር የታሰረ ሲሆን አንድ ዩሮ ወደ 7.46 ክሮነ ነው፤ ስለዚህ 1000 የዴንማርክ ክሮነ 134 ዩሮ ያህል ይሆናል። 1000 የስዊድን ክሮና ግን ከ100 ዩሮ በታች ነው። «ሁለቱም አንድ ሺህ ክሮነር ነው» ብሎ ያወዳደረ ሰው ሲከፍል ይደነግጣል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑት ካቢን የሚባሉት የዴንማርክ ሆቴሎች ናቸው። ክፍሎቻቸው በመርከብ ክፍል አምሳል የተሠሩ፣ እጅግ ጠባብ፣ ግን የራሳቸው ሻወርና መጸዳጃ ያላቸው ናቸው። ከጣቢያው ጀርባ ያለው የቬስተርብሮ ሰፈርም በመካከለኛ ሆቴሎች የተሞላ ነው፤ ኢስትጌድ የተባለው መንገድ ዱሮ ስሙ የማይነሳ ነበር፣ አሁን ብዙ ተሻሽሏል። ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራና ከአየር ማረፊያው እስከ ኮንገንስ ኒቶርቭ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚወስድ ራቅ ብሎ ማደርም አያስቸግርም። ሌላው መላ ድንበር ተሻግሮ በስዊድኗ ማልሞ ማደር ነው። በ2000 የተከፈተው የኧረሱንድ ድልድይ ሁለቱን ከተሞች በባቡር በአርባ ደቂቃ ገደማ አገናኝቷል፤ የማልሞ አልጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በድንበሩ ላይ የመታወቂያ ቁጥጥር ስላለ ፓስፖርትን ሆቴል ትቶ መውጣት አያዋጣም።

ኦስሎ

የኦስሎው ግራንድ ሆቴልም የተከፈተው እንደ ስቶክሆልሙ በ1874 ነው፤ የመሠረተው ደግሞ ዩሊዩስ ፍሪትስነር የተባለ ኬክ ጋጋሪ ነበር። ስዊድንና ኖርዌይ በዚያን ጊዜ በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ። ሆቴሉ በካርል ዮሃንስ ጎዳና ላይ፣ ከፓርላማው አጠገብ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ሄንሪክ ኢብሰን በመጨረሻ ዘመኑ በየቀኑ በእግሩ እየመጣ በካፌው ይቀመጥ ነበር። የሰላም ኖቤል ተሸላሚ የሚያርፈው እዚህ ነው፤ ማታ ችቦ የያዘ ሕዝብ በጎዳናው ሲያልፍ ተሸላሚው ከሆቴሉ ሰገነት ሆኖ ሰላምታ ይሰጣል። በ2019 ተሸላሚው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ነበሩ።

ከባቡር ጣቢያው ጎን ያለው ኦስሎ ፕላዛ በ1990 የተሠራና 117 ሜትር የሚረዝም ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ፊዮርዱ፣ ወደ የብስ የገባው የባሕር ክንድ፣ ይታያል። በርካሹ በኩል ሲቲቦክስ አለ፤ እንግዳው በማሽን ራሱን መዝግቦ ቁልፉን ይወስዳል፣ ቁርስ በዋጋው ውስጥ አይደለም። ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስበት የቢስሌት ስታዲየም ለእኛ ሰው የተለየ ቦታ ነው፤ መሠረት ደፋር በ2007፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 የ5000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚያ ነው። አካባቢው ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው።

ሲያወዳድሩ መታየት ያለባቸው

በበጋ፣ በተለይ በጁላይ፣ የአገሩ ሰው ዕረፍት ስለሚወጣ የስቶክሆልምና የኦስሎ የሥራ ሆቴሎች ይረክሳሉ፤ ኮፐንሃገን ግን በጎብኚ ትሞላለች። በዚያ ወቅት ሌሊቱ እምብዛም ስለማይጨልም የክፍሉ መጋረጃ ወፍራም መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ቁርስ በሰንሰለት ሆቴሎቹ በአብዛኛው ይካተታል፣ በርካሾቹ አይካተትም፤ ውጭ መብላት እጅግ ውድ ስለሆነ ይህ ልዩነት የዋጋውን ብልጫ ሊያካክስ ይችላል። ለሚጾም ሰውም ቡፌው አያስቸግርም፤ የአጃ ገንፎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አይጠፋም፤ የአጃ ወተትም በብዙ ቦታ አለ፣ እንዲያውም የታወቀው ኦትሊ የስዊድን ሥራ ነው። በሆስቴል አንሶላና ፎጣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል። በደብል አልጋ ላይ ለሁለት ሰው ሁለት ነጠላ ብርድ ልብስ መነጠፉ የአገሩ ወግ እንጂ ስሕተት አይደለም። የቧንቧው ውሃ ስለሚጠጣ የታሸገ ውሃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሆቴል ምርጫ ቪዛንም ይነካል። ሦስቱም በአንድ ቪዛ የሚያስገባው የሼንገን ስምምነት አባል ናቸው፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ነው። ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ይሆናል። ስለዚህ በማልሞ አምስት ሌሊት ይዞ ቀኑን ኮፐንሃገን የሚያሳልፍ ሰው ማደሪያው ስዊድን መሆኑን አይርሳ። ቪዛው እስኪረጋገጥም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሪዘርቬሽን መያዝ ይመረጣል፣ ጥቂት ቢወደድም።

ሌሎች ከተሞች

በስዊድኗ ጎተንበርግ ጎቲያ ታወርስ የተባለው ሆቴል ከመዝናኛ ፓርኩ ከሊሰበርግ አጠገብ 1200 ያህል ክፍሎች አሉት። የኖርዌይዋ በርገን ዝናባማ ስለሆነች ሆቴሉ ለብሪገን ወደብ ቢቀርብ ይመረጣል።

በሰሜን ስዊድን፣ በኪሩና አቅራቢያ ባለችው ዩካስያርቪ መንደር የሚገኘው የበረዶ ሆቴል ከተማ ውስጥ ባይሆንም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከ1990 ገደማ ጀምሮ በየክረምቱ ከቶርነ ወንዝ በሚቆረጥ በረዶ ይሠራል፣ በጸደይም ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ከ2016 ወዲህ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ክፍልም አለው። የክፍሎቹ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ነው። እንግዳው በአጋዘን ቆዳ ላይ፣ በወፍራም የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይተኛል። ሻንጣውን የሚያስቀምጠውና ሻወር የሚወስደው ጎን ባለው ሙቅ ሕንፃ ስለሆነ፣ ብዙዎች በበረዶው ውስጥ አንድ ሌሊት አድረው የቀረውን በሙቁ ክፍል ያሳልፋሉ።