ሙልሙል ምንድን ነው?

ሙልሙል ለቡሄ የሚጋገር፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ሞላላ የስንዴ ዳቦ ነው። ድፎ ተቆርሶ ለቤተሰብ ይዳረሳል፤ ሙልሙል ግን ሳይቆረስ፣ እንዳለ ለአንድ ልጅ የሚሰጥ ነው። ልጁም እዚያው አይበላውም። ከረጢት ውስጥ ከትቶ እየዘለለ ቀጣዩን ደጅ ያንኳኳል። ስለዚህ ጥሩ ሙልሙል ቅርፊቱ ጠንከር ያለ፣ ሆዱ የበሰለና እስከ ማግስቱ ሳይፈረፈር የሚቆይ መሆን አለበት። እንደ ኬክ የለሰለሰ ከሆነ ገና ሦስተኛው ቤት ላይ ተጨፍልቆ ያልቃል።

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ይውላል። ዋዜማው ላይ ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ይጨፍራሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የቤቱን ጌታ ያሞግሱታል፤ ከዘገየባቸውም ሸንቆጥ ማድረግ ያውቁበታል። ዳቦው ከየት መጣ ቢባል፣ በትውፊት የሚነገረው በታቦር ተራራ የታየው ብርሃን ሌሊቱን ቀን አስመስሎባቸው ሜዳ ስለቀሩ እረኞች ነው፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ቡሄን ከ«ቡሖ»፣ ማለትም ከሊጥ ጋር የሚያገናኙትም አሉ። የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል የሚሰጡትም በዚሁ በዓል ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም መሐል ነው፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ስለዚህ ሙልሙል ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይገባበትም። ፊቱ እንዲያብረቀርቅ እንቁላል የተቀባ ዳቦ ገዝቶ ለልጆች ማደል የደግነት ስህተት ነው፤ የሚጾሙ ልጆች ይኖራሉና። ፊቱ እንዲያምር ከተፈለገ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጦ ልክ ከምድጃው እንደወጣ መቀባት ይበቃል።

ለ14 ሙልሙል 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 620 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ 3 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ያስፈልጋል። ኮረሪማ የሚወድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ይጨምር፤ ከዚያ ካለፈ ግን ልጆች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ ከሆነ ገለባው ውኃ ስለሚጠጣ ውኃው ወደ 700 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል። ውኃው መጀመሪያ ሲታይ የበዛ ቢመስልም ሊጡ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ ይጠነክራል። ሳያሳርፉ ዱቄት መጨመር ነው ሙልሙልን ድንጋይ የሚያደርገው።

ሊጡ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ በደንብ ይታሻል። ከዚያ ሳፋው ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ይቀመጣል። የነሐሴ አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የሞቀ ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ይረዳል፣ ምድጃው ላይ መጣድ ግን ታቹን ያበስለዋል። በቤት እርሾ የሚያቦካ ደግሞ ከዋዜማው በፊት ባለው ማታ ማቡካት አለበት። ልጆቹ ገና ሲመሽ ስለሚመጡ ዳቦው ከሰዓት በኋላ ተጋግሮ ማለቅ ይኖርበታል።

ኩፍ ያለው ሊጥ 120 ግራም ገደማ፣ ማለትም የአዋቂ ጭብጥ የሚያህል እየሆነ ይከፈላል። እያንዳንዱ በመዳፍ ይጠፈጠፍና ይጠቀለላል፤ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንከባለሉ መሐሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ቀጠን ያሉ ሞላላ ማድረግ ነው። የጥቅልሉ ስፌት ወደ ታች ይደረግ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከሆነ እሳት ሲነካው እዚያው ላይ ይተረተራል። 40 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ በጣት ጫን ሲደረግ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ሲጋገር ይተኛል፣ ይኮመጥጣልም።

በምጣድ ለሚጋግር ኮባ ግድ ነው። ቅጠሉ ታጥቦ፣ እሳት ላይ ለብለብ ተደርጎ እንዲጠወልግ ይደረጋል፤ ካልጠወለገ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከሥር ይነጠፋል፣ ከላይ ይሸፈናል፣ አከንባሎው ይደፋበታል። እሳቱ መጠነኛ ሆኖ፣ አንዴ ገልበጥ እየተደረገ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። እሳት የበዛበት ሙልሙል ታቹ አርሮ ሆዱ ሊጥ ይቀራል፤ ከዚህ የሚብስ ጥፋት የለም፣ ምክንያቱም ልጁ ቤቱ ገብቶ እስኪቆርሰው ድረስ ማንም አያየውም። በኦቨን ከሆነ በ200 ዲግሪ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ነው፤ ከሥር አንድ ትሪ የፈላ ውኃ ማስቀመጥ ቅርፊቱ ቶሎ ደርቆ እንዳይፈነዳ ያደርጋል። ታቹ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ካሰማ በስሏል።

ውጭ አገር ያለ ሰው የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ከእስያውያን ሱቅ ያገኛል፤ ከጠፋም የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል፣ መዓዛው ብቻ ይቀራል። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። የዋሽንግተን ኦገስት ሊጡን በአንድ ሰዓት ስለሚያነሣው እርሾውን በግማሽ መቀነስ ያሻል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በዚያ ወቅት የቧንቧው ውኃ ራሱ ትኩስ ነው፤ ከፍሪጅ የወጣ ውኃ ካልሆነ ሊጡ ገና ሲታሽ መነሣት ይጀምራል።

ትኩስ ሙልሙል ፌስታል ውስጥ አይከተትም። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቅርፊቱን ያረጥበዋል፣ በሁለተኛው ቀንም ይሻግታል። ጨርቅ ላይ አንድ ሰዓት ይረፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ መሶብ ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን በከተማ ብዙ ቤት ዳቦው በብር ተተክቷል፤ ልጆቹም ብር ይሻላቸዋል። መከልከሉ አይጠቅምም፣ ግን ብሩን ከሙልሙሉ ጋር አብሮ መስጠት ይቻላል። ለቡድኑ ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ከተሰጠ ደግሞ ሲካፈሉ አይጣሉም። የተረፈው ሲደርቅ ውኃ እፍ ተብሎበት፣ ምጣድ ላይ ተከድኖ አምስት ደቂቃ ቢሞቅ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ከሻይ ጋር ይበላል።