አምሳያ ሰደፍ ምንድን ነው?

በዕለት ንግግራችን «ሰደፍ» የምንለው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የጠመንጃ የኋላ ክፍል ነው፤ «በሰደፍ መታው» ሲባል ማንም የሚረዳው ይህንኑ ነው። የቆየ ወታደራዊ ጠመንጃ የሚጠግን ወይም የሚሰበስብ ሰው ግን መላውን እንጨት፣ ከትከሻው ተነሥቶ ቱቦውን ከሥር እያቀፈ እስከ አፈሙዙ አጠገብ የሚደርሰውን አካል ሁሉ፣ አንድ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ እዚህም ቃሉን በዚህ ሰፋ ባለ ትርጉም እጠቀምበታለሁ። አምሳያ ሰደፍ እንግዲህ የፋብሪካው እንጨት ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲጠፋ በእርሱ ምትክ እንዲገባ፣ የቀድሞውን ቅርጽና ልክ ተከትሎ በዘመናችን የተሠራ አዲስ እንጨት ነው። ከሌላ ጠመንጃ ላይ የተነቀለ አሮጌ ሰደፍ አምሳያ አይባልም፤ ለአደን ተብሎ በአዲስ ቅርጽ የተሠራም እንዲሁ።

ይህ ዕቃ ለምን ተፈላጊ ሆነ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ያረጁ ጠመንጃዎችን በርካሽ ሲሸጡ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ ብዙ ገዢዎች እንጨቱን አሳጥረው፣ የላይኛውን የእጅ መከለያ አውልቀው ጥለው ጠመንጃውን ለአደን አዋሉት። የብረቱ አካል ሳይነካ የቀረባቸው እነዚህ ጠመንጃዎች ዛሬ ወደ ቀድሞ መልካቸው ሊመለሱ የሚችሉት የጎደለው እንጨት ከተገኘ ብቻ ነው። ሌላው ምክንያት ለእኛ ይቀርባል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ የጣሊያን ካርካኖና ቬተርሊ፣ እኛ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራስ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ሞዘሮች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እንጨታቸው የተሰነጠቀ፣ አንገታቸው (ከምላጩ ጀርባ ያለው ቀጭኑ፣ በእጅ የሚጨበጠው ክፍል) በጠፍር የተጠፈረ፣ በሽቦ የታሰረ ወይም በቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ ስለዚህ የገዛቸው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አዲስ ሰደፍ ከየት እንደሚያገኝ ነው።

እኔ እንደማምነው ግን «ከየት አገኛለሁ?» ከሚለው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ጥሩ የሚባለው አምሳያ በምን ይለያል የሚለው ነው። ገዢ ብዙውን ጊዜ የእንጨቱን ቀለምና ውበት አይቶ ይወስናል። የሰደፍ ዋና ሥራ ግን ጠመንጃው ሲተኮስ የሚፈጠረውን ርግጫ ከብረቱ ተቀብሎ ለትከሻ ማስተላለፍ ነው። ብረቱ እንጨቱን የሚገፋው በሁሉም ገጹ አይደለም፤ በአንድ ወይም በሁለት ትንንሽ ቦታዎች ብቻ ነው። እነዚያ ቦታዎች በልክ ካልተፈለፈሉ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ሰደፉ በጥቂት ተኩስ ይሰነጠቃል።

በሞዘር 98 እና እኛ ቤልጅግ በምንለው የቤልጅየም ሥራ ጠመንጃ ላይ ርግጫውን የሚያስተላልፈው ከጥይት ማቀፊያው ክፍል ሥር የሚገኝ ወርደ ሰፊ የብረት ጉጥ ነው። ጉጡ በእንጨቱ ውስጥ በተፈለፈለ መቀመጫ ውስጥ ይገባል፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከመቀመጫው ጀርባ እንጨቱን ከጎን ወደ ጎን አቋርጦ የሚያጠነክር ብሎን አለ። በአምሳያው ላይ የጉጡ የኋላ ገጽ ከእንጨቱ ጋር ሙሉ በሙሉ መነካካት አለበት። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ብረቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይንደረደርና እንጨቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ያን ጊዜ ስንጥቁ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች ከኋለኛው ጀርባ፣ አንገቱ ላይ ይጀምራል። በዚያው በኋለኛው ብሎን ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የብረት ቀለበት አለች፤ ከላይ ባለው አካልና ከታች ባለው የምላጭ መከለያ መካከል ያለውን ርቀት የምትወስነው እርሷ ናት። አሮጌው እንጨት ሲጣል አብራ ትጠፋለች፤ አምሳያውን የሚሸጠው ሰው ደግሞ አብሮ ላይልካት ይችላል። ያለ እርሷ ብሎኑ በተጠበቀ ቁጥር እንጨቱ ይጨፈለቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ነው፤ በተለይ በ1907 እ.ኤ.አ. የወጣው አጭሩ ማርክ ሦስት። የሞዘር ሰደፍ አንድ ወጥ እንጨት ሲሆን፣ የሊ ኤንፊልድ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የኋላው በአንድ ረጅም ብሎን ከብረቱ ጋር ይያያዛል፣ የፊተኛው ደግሞ ቱቦውን ተሸክሞ ለብቻው ይቆማል። የኋላው ክፍል እንደ ወታደሩ ቁመት በአራት ልክ ይሠራ ነበር። አጭሩ ከመደበኛው በግማሽ ኢንች ያጥራል፣ ረጅሙ በግማሽ ኢንች ይረዝማል፣ ከሁሉም ያጠረው ደግሞ ከመደበኛው አንድ ሙሉ ኢንች ያጥራል። ስለዚህ «የሊ ኤንፊልድ ሰደፍ» ብሎ ብቻ ማዘዝ ልኩን ሳይናገሩ ጫማ እንደ ማዘዝ ነው።

በፊተኛው ክፍል ላይ ርግጫውን የሚቀበሉት ከካዝናው በስተኋላ በግራና በቀኝ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ገጾች ናቸው። ሁለቱም ብረቱን እኩል መንካት አለባቸው። አንዱ ነክቶ አንዱ ከራቀ ርግጫው ሁሉ በአንድ ጎን ይወድቅና እንጨቱ በመካከሉ ይሰነጠቃል፤ ከመሰንጠቁም በፊት ጥይቶቹ መበታተን ይጀምራሉ። በአውስትራሊያ የሚገኘው የሊትጎ ፋብሪካ ለሰደፍ ከተለመደው ዋልነት ከተባለው እንጨት ይልቅ ለስላሳ የሆነውን የአገሩን እንጨት በመጠቀሙ፣ በእነዚህ ቦታዎች ላይ እንጨቱ እንዳይጨፈለቅ የመዳብ ሳህኖች አስገብቶባቸዋል። ከዛሬዎቹ አምሳያዎች ብዙዎቹ እነዚህን ገጾች ሆን ብለው ትርፍ እንጨት ትተው ይልኳቸዋል፤ ገዢው ወይም ባለሙያው ጥቂት በጥቂት እየፋቀ እንዲያስተካክል ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ምንም ማስተካከል ሳይፈልግ ወዲያው ከሚገባ አምሳያ ይልቅ ትርፍ እንጨት ያለውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በፊት በእጅ የተስተካከሉ ብረቶች አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያያሉ፣ ለሁሉም ልክ ነው የተባለ ፍልፍል ደግሞ ለአብዛኞቹ ሰፊ ሆኖ ይገኛል።

በዚሁ ጠመንጃ ላይ ብዙ እንጨት ያጠፋ አንድ ስሕተት አለ። የኋላውን ክፍል የሚይዘው ረጅም ብሎን ጫፉ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ያ ጫፍ በፊተኛው እንጨት ጀርባ ባለች የብረት ቁራጭ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። አንድ ሰው የፊተኛውን ክፍል ሳያወልቅ ብሎኑን ለመፍታት ቢያዞር፣ የሚዞረው ጫፍ የፊተኛውን እንጨት ከጀርባው ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ሲፈታ መጀመሪያ የፊተኛው ይወልቃል፣ ሲገጠም ደግሞ የኋላው ይቀድማል።

ማስተካከሉ የሚሠራው በጥላሸት ነው። ጥላሸት በዘይት ተለውሶ በብረቱ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ይገባና ተመልሶ ይወጣል፤ ጥቁር ምልክት ያረፈበት ቦታ ብቻ በስለታም መሮ በጣም በስሱ ይፋቃል። ይህ ሥራ ሃያም ሠላሳም ጊዜ ሊደገም ይችላል። በችኮላ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የተፋቀ ገጽ አይመለስም፤ በላዩ ስስ እንጨት ወይም ሙጫ መለጠፍ ግድ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም መረጋገጥ አለበት። ሥራው አልቆ ወደ ተኩስ ከመሄድ በፊት ደግሞ ያረጀውን ብረት፣ በተለይም የመቀርቀሪያውን አቆላለፍ፣ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። አዲስ እንጨት አሮጌ ብረትን አያድስም።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን አጭር አድርጌ አልፈዋለሁ። የአውሮፓ ሠራዊቶች ዋልነትን የመረጡት ቀላል፣ ጠንካራና ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ብዙም የማይለውጥ ስለሆነ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ግን ዋልነት ሲያጥር ቢች የተባለውን ዛፍ ተጠቅመዋል፤ ጀርመኖችም ስስ የእንጨት ንጣፎችን በሙጫ እየደራረቡ ሠርተዋል። የአሜሪካ ጥቁር ዋልነት ከአውሮፓው ይልቅ ይጠቁራል፤ ጅማቱም ይለያል። በጥቁር ዋልነት የተሠራ የሊ ኤንፊልድ አምሳያ በሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቅ ዓይን ግን ከሩቅ ይለየዋል። ከዓይነቱ ይልቅ መታየት ያለበት የጅማቱ አካሄድ ነው። በአንገቱ ላይ ጅማቱ ከእንጨቱ ርዝመት ጋር አብሮ መሄድ አለበት፤ አንገቱን በሰያፍ የሚቆርጠው ከሆነ ጠመንጃው አንድ ቀን ሲወድቅ የሚሰበረው በዚያው መስመር ነው። ሌላው መድረቁ ነው። እንጨት የሚኮማተረው በወርዱ እንጂ በርዝመቱ እምብዛም ስላልሆነ፣ ሳይደርቅ የተፈለፈለ ሰደፍ ከወራት በኋላ ቱቦውን ከጎን ይጨምቀዋል። አንድ ሻጭ እንጨቱ እንዴትና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ደረቀ ሲጠየቅ መልስ ከሌለው፣ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።

ጥሬ ሆኖ የመጣ አምሳያ በቫርኒሽ መለበጥ የለበትም፤ የዘመኑ ሠራዊቶች እንጨታቸውን በብዛት ያጠጡት የተልባ ዘይት ነበር። በስሱ ተቀብቶ፣ በእጅ ታሽቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ከዚያ ደግሞ ይደገማል። በዚህ ዘይት የረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ግን በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም በውኃ ውስጥ ይነከር።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልመለስ። አንዳንድ አምሳያዎች የቀድሞውን ፋብሪካና የመርማሪዎችን ማኅተም አስመስለው ተመትተው ይሸጣሉ። ይህ ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያው ገዢ እውነቱን ቢያውቅ እንኳ ከእርሱ የሚገዛው ሦስተኛ ሰው አያውቅም። የተሰነጠቀውን አሮጌ ሰደፍ መጣልም ከዚህ አያንስም። በጠፍር የተጠፈረ አንገት ያለው ውጅግራ አሜሪካ ላለ ገዢ የተበላሸ ዕቃ ሊመስለው ይችላል፤ ያ ጠፍር ግን ጠመንጃው በማን አገር እንደኖረና እንዴት በእንክብካቤ እንደተያዘ የሚናገር ብቸኛ ምስክር ነው። ብዙ ስንጥቅ በጥሩ ሙጫና ከውስጥ በሚገባ የእንጨት ችንካር ይጠገናል፤ ለግድግዳ ብቻ ለሚሰቀል ጠመንጃ ደግሞ ጥገናም ላያስፈልገው ይችላል። አምሳያው የሚያስፈልገው ጠመንጃው እንዲተኩስ ሲፈለግ፣ ወይም አሮጌው እንጨት ጭራሹን ሲጠፋ ነው።

አምሳያውን የሚገጥም ሰው፣ ቱቦው በሚያርፍበት ፍልፍል ውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ፣ እንጨቱ አዲስ መሆኑንና የተገጠመበትን ዓመት በእርሳስ ይጻፍ። አሮጌው ሰደፍ ከነጠፍሩና ከነሽቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የጠመንጃው ቁጥር በወረቀት ታስሮበት በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ጠመንጃው ሲሸጥም አብሮት ይሂድ።